በፎሌ

ክፍሌ ቧንቧ ውሃ፣ ከዳቦ ቤት ጀርባ፣
ኮርኒሱ ዝቅ ያለ፣ ጎንበስ ብዬ የምገባ፤
ጉም የጦሳን ትከሻ ሲውጠው በጠዋት
መስኮቴ ነጭ ወረቀት፣ ምንም ያልተጻፈባት።

እዚያ ነው የሠራኋት፤
ብረቷም ቁጥር ነው፣ ክብደቷም ቁጥር፣
ስድስት ጎማ አላት፣ አናቷ ላይ መትረየስ፣
ሠላሳ ሰው ገብቶ በሚታኮስበት ጌም
አንዱ እሷን ሊነዳ፣ ሌላው ሊተኩስ።

እናቴ አየችና፣ አንድ ጊዜ ብቻ፦
«እዚህ ከተማ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሰምተን፣
ደግሞ ለተኩስ ድምፅ ብር የሚከፍል ማን?»
መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።
ድምፁን ግን ቀነስኩት፣ እሷ እስክትተኛ።

ኮምቦልቻ ያሉት ፈታኞቼ ሦስት፣
ተማም፣ ፈድሉ፣ ሐያት፣
ከፋብሪካው ማዶ፣ ካንድ ኢንተርኔት ቤት
በየማታው ደውለው ስሞታ ያዘንባሉ፦
«ቶይባ፣ ትገለበጣለች!» ይላሉ፣
«ኩርባ ላይ ጅራቷ ይማታል» ይላሉ፣
«አንድ ቁልፍ ስጪን፣ ራሷን የሚያቃና፤
ሰው ሊጫወት እንጂ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ አልመጣምና!»

እውነት አላቸው አልኩ። ጻፍኩላቸው ኮዱን፤
ስታዘም የሚያቃናት፣ ስትፈጥን የሚይዛት፣
ዳዴ እንደሚል ልጅ ደግፎ የሚያስኬዳት።
ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም።
በሳምንቱ ሰለቿት፤
የሦስት ቀን ጀማሪና የሦስት ወር ነባር
እኩል ሆኑባት።

ሐሙስ ዕለት ወረድኩ ከጋሼ ይማም ጋራ፣
በዚያ አሮጌ ኤንትሬ፣
ባዶ ጠርሙስ ጭኖ፣ ሳጥኑ ሲንጫጫ፣ ሞተሩ ሲያጓራ።
ሐረጎ ላይ ሲደርስ ማርሹን መለሰና
ጆሮውን ጣል አርጎ፣ ከጠርሙሱ ጫጫታ
ኩርባውን አነበበ፤
በጣቱ ጫፍ ጠመዘዘ፣ በእግሩ ጫፍ ረታ።
«እንዴት ነው ይሄ ነገር?»
«እኔ ምን አውቄ፤ እግሬን ጠይቂው» አለኝ፣
«አርባ ዓመት ስወርደው
አንድ ቀን እንኳ እንደ ትናንቱ ሆኖ አያውቅም መንገዱ።»

«በፎሌ ቢወርዱስ?»
ሳቀ። «ዝም ትላለች። ናፍጣም ትቆጥባለች።
ፍሬኑ ሲግል ግን፣ ማርሹም አልገባ ሲል፣
ያኔ ሹፌር አይደለሽም። ጠርሙስ ነሽ።»
ከኩርባው ሥር አህያ የሚነዳ ሰው ነበር፤
ጥሩምባውን ነፋ።
«እግረኛው መስማት አለበት» አለ። «መንገዱ የሱም ነው።»

ማታ ጎንበስ ብዬ ገባሁ ወደ ክፍሌ፤
ያን ደጋፊ ኮድ ከሥሩ ሰረዝኩና
በምትኩ ጻፍኩበት አንዲት ቃል፣ ፎሌ።
ሞተሯ ሲያጓራ
እግረኛው ከሩቅ ሰምቶ ይሸሸግ።
ፎሌ ስትገባ ግን ድምፅ የለም፣
ፍሬንም የለም፣
ቁልቁለቱ ብቻ፤ እጅሽ ብቻ።
ደፏ ዝቅ ይበል አልኩ፣ ሕፃን እንዲሻገር፤
ጣሪያዋ ግን ይራቅ፣ ለእኔም አይታየኝ፣
እንደ ጦሳ አናት ጉም ውስጥ ይሰወር።

ስድብ ጠገብኩ።
ሐያት ወደ ሌላ ጌም ትታኝ ሄደች።
ተማም አርባ ጊዜ ተገልብጦ
የሰው ኪቦርድ ሰበረ።
ፈድሉ ዝም አለ።
ዝም ያለ ልጅ ያስፈራል።

በሁለተኛው ወር፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
እግረኛ ሆኜ ገብቼ፣ ከድንጋይ ጀርባ ተኝቼ፣
ሮኬቴን አዘጋጅቼ፣
የራሴን መኪና ጉርምርምታ ስጠብቅ
(እኔው ነኝ የቀዳሁት፣ ከኤንትሬው፣
ጠርሙሱ ሳይቀር አለበት)
ምንም።
ነፋስ።
ከዚያ ከኩርባው በላይ፣ ኋሊት እየተንሸራተተች፣
በጀርባዋ እየመጣች፣
እኔ ያልጻፍኩትን፣ ያላለምኩትን አወራረድ፤
አፈሙዙ ሲዞር አየሁት፣
ስሜም በቀይ ፊደል ስክሪኑ ላይ ወደቀ።

ከኮምቦልቻ ድምፁ መጣ፣ ገና ያልጎረነነ፦
«ቶይባ፣ ሰማሽኝ?»
«አልሰማሁህም!» አልኩና
ከደስታዬ ብዛት ብድግ ስል
ኮርኒሱ አናቴን አለኝ።